ሙሉ ሰመመን ወይስ የጀርባ መርፌ? ከኦፕራሲዮን በፊት እንዴት እንምረጥ

እማዬ የወደቀችው ማክሰኞ ማታ ነው። ዕድሜዋ 78 ነው። የወጥ ቤቱ ወለል ርጥብ ነበር፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ረቡዕ ጠዋት ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋት ሲነገረን ስልኩ ማረፊያ አጣ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ «ለትልቅ ሰው ሙሉ ሰመመን አይሆንም፤ ከተኛች ላትነሳ ትችላለች» አለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ «የጀርባ መርፌ ሽባ ያደርጋል፤ እንዳትፈርሙ» ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም እናታቸውን ስለሚወዱ ነው። ግን ሁለቱም የሚናገሩት ከሰው የሰሙትን ነበር።

እኔ ሁለት ሌሊት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ጥናት ሳነብ አደርኩ። ይህን የምጽፈው ነገ እንዲህ ያለ ስልክ ለሚደወልላችሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ምርጫዎቹን እንለይ

ሙሉ ሰመመን ሲሰጥ ሰውየው ሙሉ በሙሉ ይተኛል። ብዙውን ጊዜ ፕሮፖፎል የሚባል ነጭ መድኃኒት በደም ሥር ይገባል። ከዚያ በዚያው መድኃኒት ወይም እንደ አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን ባለ በሚተነፈስ ጋዝ ተኝቶ ይቆያል። ለብዙ ኦፕራሲዮኖች ትንፋሹን የሚያግዝ ቱቦ በጉሮሮው ይገባል።

የጀርባ መርፌ፣ ሆስፒታል ውስጥ «ስፓይናል» የሚባለው፣ ሌላ ነገር ነው። ቀጭን መርፌ በታችኛው ወገብ ላይ ይገባና ማደንዘዣው የአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ይጨመራል። በደቂቃዎች ውስጥ ከወገብ በታች ይደነዝዛል፤ እግር አይታዘዝም። ሰውየው ግን ነቅቶ ማውራት ይችላል። ከፈለገ ቀለል ያለ የሚያስተኛ መድኃኒት ይጨመርለታል። ኤፒዱራል የዚህ ዘመድ ነው፤ ቀጭን ቱቦ ጀርባ ላይ ስለሚተው መድኃኒቱ እየተጨመረ ሊቀጥል ይችላል። አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ብቻ ማደንዘዝ ከተፈለገ ደግሞ ነርቭ ብሎክ አለ።

ለጭንቅላት፣ ለደረት ወይም ለላይኛው ሆድ ትልቅ ኦፕራሲዮን ብዙ ምርጫ የለም። ሙሉ ሰመመን ነው። ምርጫ የሚኖረው ለዳሌ፣ ለጉልበት፣ ለእግር፣ ለሄርኒያ፣ ለፕሮስቴትና ለቄሳሪያን ነው።

የተሰበረ ዳሌ፦ ከጠበቅነው በላይ እኩል ናቸው

ለዓመታት ብዙ ሐኪሞች ራሳቸው እንደ እህቴ ያስቡ ነበር። ትልቅ ሰው ካልተኛ አእምሮው አይናወጥም፣ ሳንባው አይጎዳም፣ ቶሎ ይነሳል የሚል እምነት ነበር። ምክንያቱም የድሮ ሰነዶች ሲታዩ ስፓይናል የወሰዱት የተሻለ ውጤት ያሳዩ ነበር። ችግሩ እነዚያ ሰዎች ቀድሞውኑ ጤነኞቹ ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ለማን ምን እንደሚሰጥ የሚመርጠው ሐኪሙ ስለነበር፣ ልዩነቱ ከመድኃኒቱ ይሁን ከሰዎቹ መለየት አይቻልም ነበር።

ትክክለኛው መንገድ ዕጣ ማውጣት ነው። በ2021 የወጣው ሪጌይን የተባለው ጥናት ያን አደረገ። በአሜሪካና በካናዳ 46 ሆስፒታሎች ዳሌያቸው የተሰበረ፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 1,600 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ ስፓይናል፣ ግማሾቹ ሙሉ ሰመመን ደረሳቸው። ከ60 ቀን በኋላ የሞቱት ወይም ያለ ሰው እርዳታ መራመድ ያቃታቸው ተቆጠሩ። በስፓይናል 18.5 በመቶ፣ በሙሉ ሰመመን 18.0 በመቶ ሆነ። ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣው የአእምሮ መደናገር ደግሞ 20.5 እና 19.7 በመቶ ነበር። ልዩነት የለም ማለት ነው።

«ስፓይናል የወሰዱትም እኮ የሚያስተኛ መድኃኒት ተጨምሮላቸው ነበር» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በቻይና የተደረገውና ራጋ የተባለው ጥናት ይህን ይመልሳል። 65 እና ከዚያ በላይ ዕድሜ ያላቸው 950 ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ከወገብ በታች የደነዘዙት ምንም የሚያስተኛ መድኃኒት አልተሰጣቸውም። የአእምሮ መደናገር ያጋጠማቸው 6.2 በመቶ ነበሩ። በሙሉ ሰመመን የተኙት ደግሞ 5.1 በመቶ። አሁንም ተቀራራቢ።

ይህን ሳነብ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ እማዬ የምትፈልገውን መጠየቅ እንችላለን ማለት ነውና። እስከዚያ ድረስ ለካ ማናችንም አልጠየቅናትም።

ጠዋት የሰመመን ባለሙያዋ መጣች። ወጣት ናት። የእማዬን እጅ ይዛ «እማማ፣ እርስዎ ነቅተው መቆየት ይፈልጋሉ ወይስ መተኛት?» አለቻት። እማዬ አላመነታችም። «የመዶሻውን ድምፅ መስማት አልፈልግም፤ አስተኙኝ» አለች። በዚህ ተወሰነ።

ከሪጌይን ጥናት ሁለት ነገሮች ልጨምር። አንደኛ፣ ስፓይናል ከደረሳቸው ሰዎች በግምት ከሰባት አንዱ በመጨረሻ ሙሉ ሰመመን ወስዷል። መርፌው ሁልጊዜ አይሳካም፤ በተለይ የትልልቅ ሰዎች ጀርባ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ስፓይናል ብትመርጡም ለሁለተኛው ተዘጋጁ። ሁለተኛ፣ ስፓይናል የወሰዱት በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ከፍ ያለ ሕመም ተናግረዋል። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚጠብቀው። የመርፌው ኃይል በሰዓታት ውስጥ ይለቃል፤ ማስታገሻው ከመልቀቁ በፊት መጀመር አለበት።

እኩልነቱ የማይሠራበት ሰውም አለ። ዋርፋሪንን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድና መድኃኒቱ ገና ከሰውነቱ ያልወጣ ሰው ስፓይናል አይወጋም፤ አከርካሪው ውስጥ ደም ሊቋጠር ይችላል። የልቡ በር (ቫልቭ) በጣም የጠበበበት ሰውም እንዲሁ ያሠጋል፤ ስፓይናል የደም ግፊትን በድንገት ይጥላል። በሌላ በኩል ሳንባው በጣም ለደከመ ወይም ቱቦ ለማስገባት ጉሮሮው ለሚያስቸግር ሰው ስፓይናል ብዙ ጊዜ ይሻላል። ይህን የሚወስነው ባለሙያው ነው። የእናንተ ድርሻ መድኃኒቶቹን በሙሉ ከነሳጥናቸው ይዞ መቅረብ ነው።

ቄሳሪያን፦ እዚህ ላይ እኩል አይደሉም

ለዳሌ ያልኩትን ለወሊድ አትውሰዱት። ነፍሰ ጡር ሴት የተለየች ናት። ጨጓራዋ ምግብ ይይዛል፣ ወደ ላይ መመለስ ይቀናዋል። ጉሮሮዋ ሊያብጥና ቱቦ ማስገባቱ ሊከብድ ይችላል። ኦክስጅኗም ቶሎ ይወርዳል። በ2016 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የወጣ ትልቅ ግምገማ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን አገሮች ተመልክቶ ነበር። ሙሉ ሰመመን የእናትን የመሞት ዕድል ከጀርባ ማደንዘዣ ጋር ሲነጻጸር ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍ አድርጎ ተገኘ። እርግጥ ሙሉ ሰመመን የሚሰጣቸው ብዙ ጊዜ በጣም የታመሙት ናቸው፤ ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የመድኃኒቱ አይደለም። ቢሆንም ከላይ ያሉት ምክንያቶች በበቂ ግልጽ ናቸው።

ስለዚህ በአገራችንም ሆነ በውጭ ለቄሳሪያን የሚቀድመው ስፓይናል ነው። ሌላም ጥቅም አለው። እናት የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ ትሰማለች፤ ወዲያው ታቅፋለች፤ ጡት ለመስጠት አትዘገይም። ይህን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም።

ሙሉ ሰመመን የሚመጣው ጊዜ ሲጠፋ ነው። እናቲቱ ብዙ ደም እየፈሰሳት ከሆነ፣ ደሟ የማይረጋ ከሆነ፣ ወይም ስፓይናሉ በደንብ ካልያዘ። በዚያን ሰዓት ባለሙያው «እናስተኛት» ካለ አትከራከሩ። ምርጫው አልቋል።

የጀርባ መርፌን ለሚፈሩ

ወንድሜ የፈራው ሽባነትን ነው። በ2009 በብሪታንያ የወጣ ጥናት ከ700,000 በላይ የስፓይናል፣ የኤፒዱራልና የመሰል መርፌዎችን ተከታተለ። አጠራጣሪው ሁሉ ተቆጥሮ እንኳ ሽባነት ወይም ሞት የደረሰው ከ100,000 ከሁለት ባነሱ ሰዎች ላይ ነው። አንዱ ምክንያት ቦታው ነው። የአከርካሪ ገመድ በአዋቂ ሰው ላይ ከላይኛው ወገብ አካባቢ ያበቃል፤ መርፌው የሚገባው ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው።

ሁለተኛው ፍርሃት የወገብ ሕመም ነው። «ወገቤን የጨረሰኝ ያ መርፌ ነው» የማትል የወለደች ሴት ማግኘት ይከብዳል። መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊታመም ይችላል። ለዓመታት ስለሚቆየው ሕመም ግን፣ በምጥ ጊዜ ኤፒዱራል የወሰዱና ያልወሰዱ እናቶች ተነጻጽረው ልዩነት አልተገኘም። እርግዝናው፣ ልጅ ማዘሉና ጎንበስ ቀናው ራሱ ወገብ ያደክማል። ሕመማቸው የውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ መነሻው ሌላ ነው እያልኩ ነው። መነሻው ሲታወቅ ሕክምናውም ይገኛል።

እውነተኛው ችግር ራስ ምታት ነው። መርፌው የበሳው ቀዳዳ ፈሳሽ ያፈስሳል፤ ሰውየው ሲቀመጥ ጭንቅላቱ ይፈነዳል፣ ሲጋደም ይሻለዋል። ይህን በራሱ ላይ ያየው ስፓይናልን በ1898 ጀርመን ውስጥ የጀመረው ሐኪም አውጉስት ቢር ነው። ረዳቱ እሱ ላይ ሙከራውን ሲያደርግ ፈሳሽ ወጣ፤ ከዚያ ለቀናት ራስ ምታት ይዞት ተኛ።

ዛሬ መርፌው ተሻሽሏል። በ2018 ከ31,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው 110 ጥናቶች አንድ ላይ ተመርምረው ነበር። ጫፉ እንደ እርሳስ የሆነው መርፌ ራስ ምታቱን ከ11 ወደ 4.2 በመቶ ያወርደዋል። ስለዚህ «የእርሳስ ጫፍ ያለው መርፌ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ራስ ምታቱ ከመጣም ዝም ብላችሁ አትቻሉት። ከራሳችሁ ክንድ ትንሽ ደም ተወስዶ ቀዳዳው አካባቢ በመርፌ ይሰጣል፤ ብዙዎችን ያድናል።

ሙሉ ሰመመንን ለሚፈሩ

«መሃል ላይ ብነቃስ?» የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። በ2014 በብሪታንያና በአየርላንድ የተጠናቀቀ አገር አቀፍ ጥናት ይህን አጋጣሚ ከ19,000 ሙሉ ሰመመን አንድ ያህል ነው ብሎ ገምቶታል። በቄሳሪያን ግን ከ670 አንድ ነበር፤ ስፓይናልን ለማስቀደም ሌላ ምክንያት ነው።

ከመንቃት ይልቅ ብዙ ሰው ላይ የሚደርሰው ማቅለሽለሽና ማስመለስ ነው። ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ሆኖ ያስመለሰ ሰው ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደሚያሰቃይ ያውቀዋል። እዚህ ላይ በሙሉ ሰመመን ውስጥ ራሱ ምርጫ አለ። ራሳችሁን በአራት ነገር መዝኑ። ሴት ነዎት? ሲጋራ አያጨሱም? መኪና ያጥወለውልዎታል ወይም ከዚህ በፊት ከኦፕራሲዮን በኋላ አስመልሶዎታል? ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ማስታገሻ ይሰጥዎታል? አንዱም ከሌለ የማቅለሽለሽ ዕድሉ 10 በመቶ ያህል ነው። አንድ «አዎ» ካለ 20 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ «አዎ» 20 ያህል ይጨምራል። አራቱም ካሉ ወደ 80 ይደርሳል።

በ2004 የታተመ፣ ከ5,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት መፍትሔውን ለክቷል። እንደ ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶች እያንዳንዳቸው አደጋውን በሩብ ያህል ይቀንሳሉ። በጋዝ ፋንታ ፕሮፖፎልን በደም ሥር መቀጠል ደግሞ 19 በመቶ ይቀንሳል። ሦስት ወይም አራት «አዎ» ካላችሁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ተናገሩ። በኋላ ከማዳን ቀድሞ መከላከል በጣም ይቀላል።

ካንሰርን በተመለከተ የሚናፈሰውን ወሬ ባጭሩ ልለፈው። የሰመመኑ ዓይነት ካንሰርን ይመልሳል ይባል ነበር። በ2019 ከ2,100 በላይ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ታይተዋል፤ በሁለቱም ወገን ካንሰሩ የተመለሰባቸው 10 በመቶ ናቸው። በዚህ አትጨነቁ።

ሕፃናት እና ኬታሚን

ሕፃን ልጃቸው ሄርኒያ የሚሠራለት ወላጆች «ሰመመኑ አእምሮውን ይጎዳዋል?» ይላሉ። ጋስ የተባለው ጥናት 722 ሕፃናትን በዕጣ ከፍሎ እስከ አምስት ዓመታቸው ተከታተለ። ነቅተው ከወገብ በታች የደነዘዙት በአማካይ 99.08፣ በሙሉ ሰመመን የተኙት 98.97 የአእምሮ ብቃት ነጥብ አገኙ። ይህ አንድ ሰዓት ላልሞላ አንድ ኦፕራሲዮን ነው። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ከሦስት ዓመት በታች ላሉ፣ ከሦስት ሰዓት ለሚበልጥ ወይም ለተደጋገመ ሰመመን ነው። ለአጭር ኦፕራሲዮን በፍርሃት ማዘግየት አያስፈልግም።

ኬታሚን የሚባለው በመርፌ የሚሰጥ የሰመመን መድኃኒት ሦስተኛ ምርጫ ነው። ትንፋሽን ብዙ አያዳክምም፣ የደም ግፊትንም አይጥልም። ስለዚህ ብዙ መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታልና ደም በፈሰሰው ሰው ላይ ትልቅ ባለውለታ ነው። ጉዳቱ ሲነቁ የሚመጣው ቅዠት ነው። ዘመዳችሁ በኬታሚን ተኝቶ ከነቃ ክፍሉን ጸጥ አድርጉ፣ በለሆሳስ አናግሩት።

ከምርጫው በላይ የምመዝናቸው

ይህ የራሴ ፍርድ ነው። ስለ ስፓይናልና ስለ ሙሉ ሰመመን የተከራከርንበትን ግማሽ ጊዜ በሚከተሉት ላይ ብናውለው ይሻል ነበር።

አንደኛው ክትትል ነው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መኖር አለበት፤ በማገገሚያ ክፍልም ጭምር። በስምንት አገሮች ስምንት ሆስፒታሎች የዓለም ጤና ድርጅት የኦፕራሲዮን ማረጋገጫ ዝርዝር ሲሞከር፣ በ2009 በወጣው ውጤት ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ከዝርዝሩ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው መለኪያ ተደርጎ ይሠራል ወይ የሚል ነው። «ማሽኑ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ አይቆጣም።

ሁለተኛው ባዶ ሆድ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ፍቅር ያሳስበኛል። ጠያቂው «ባዶ ሆዷን አትግባ» ብሎ አጥሚት በፔርሙስ ይዞ ይመጣል። አጥሚት፣ ሾርባና ወተት ምግብ ናቸው፤ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይፈልጋሉ። ክትፎና ቅባት የበዛበት ወጥ ደግሞ ስምንት። በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባ የሚገባ ምግብ ይገድላል። ተቃራኒው ስህተትም አለ። ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ እንኳ የማይቀምሱ አሉ። ንጹሕ ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ ዝቃጭ የሌለው ጥቁር ቡና እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል፤ ባለሙያችሁ ሌላ ካላዘዘ በስተቀር። ለጡት ወተት አራት ሰዓት ነው። እንደ ኦዜምፒክ ያለ የስኳር ወይም የክብደት መቀነሻ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ጨጓራን ያዘገያል።

ሦስተኛው እውነት መናገር ነው። ጫት ቅማችሁ ከሆነ ተናገሩ፤ ልብና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። አረቄ፣ ሲጋራ፣ የባህል መድኃኒት፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ከቤተሰብ በሰመመን የሞተ ወይም የተጎዳ ሰው ካለ ሁሉም ይነገር። ልጆች ፊት ማፈር ካለ ልጆቹ ይውጡ።

አራተኛው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለው ነው። እማዬ በሦስተኛው ሌሊት አእምሮዋ ተናወጠ። ደሴ ያለች መሰላት። ከሞተች 20 ዓመት ያለፋትን እህቷን በስም ትጣራ ነበር። እህቴ በስልክ አለቀሰች፤ «ሰመመኑ ነው፣ ብዬ ነበር» አለች። ያነበብኩትን ቁጥር ነገርኳት፤ በስፓይናልም በዚያው መጠን ይደርስ ነበር። ነርሷ መነጽሯን አምጡ አለችን። መነጽሯን አደረግንላት። ቀን ላይ መጋረጃውን ከፈትን፣ ማታ መብራት ቀነስን። ውኃ አጠጣናት። የምታውቀው ሰው ብቻ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ጠያቂው በየተራ ሆነ። በማግስቱ ነርሶቹ ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጧት። በሁለት ቀን ውስጥ ተመለሰች፤ «ማነው ነጠላዬን ያቆሸሸው?» ብላ ስትጠይቅ ሁላችንም ሳቅን።

ልንወጣ ስንል ባለሙያዋን አንድ ነገር ጠየቅኋት። የተሰጡት መድኃኒቶች ስም፣ ቱቦው በቀላሉ ገብቶ እንደሆነ፣ በኋላ የሆነው ሁሉ በአንድ ገጽ ተጽፎ እንዲሰጠን። ጻፈችልን። ለወንድሜና ለእህቴ ፎቶውን ላክሁላቸው። ወረቀቱ አሁን ተጣጥፎ በእማዬ ቦርሳ ውስጥ፣ ከመታወቂያዋ ጀርባ ተቀምጧል።